ማህተሙ ሲስተም ውስጥ ሲገባ

የንግድ ድርጅት ሥራውን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲያዞር ማስረጃው ቦታ ይለውጣል። ማን አዘዘ፣ ማን ፈረመ፣ ዕቃው መቼ ተረከበ፣ ዕዳው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፣ የደንበኛው ስልክ ቁጥር በማን እጅ ነው ለሚሉት ጥያቄዎች ቀድሞ መልስ የሚሰጠው መዝገብ ቤቱ ነበር። ከሽግግሩ በኋላ የሚመልሰው ሲስተሙ ነው። ሲስተሙ ደግሞ የሚያውቀው ሲተከል የተነገረውን ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ መካከለኛ አስመጪ ድርጅት መዝገብ ቤት ብዙም አይለያይም። ቦክስ ፋይሎች በዓመተ ምሕረት ተደርድረው ጣሪያ ሊነኩ ደርሰዋል። እያንዳንዱ የክፍያ ማዘዣ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠውና ያጸደቀው ሰው ፊርማ አለበት። ክቡ ማህተም ከነቲተሩ በፋይናንስ ኃላፊዋ መሳቢያ ተቆልፎበታል፤ ኃላፊዋ ፈቃድ ሲወጡ ቁልፉ በርክክብ ወረቀት ይተላለፋል። ለውጭ ተመልካች ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን ይመስላል። በውስጡ ግን የሥልጣን ክፍፍል አለ፦ ያዘዘው አይከፍልም፣ የከፈለው አያጸድቅም፣ ማህተም የያዘው ይታወቃል። ጠብ ሲነሳ ፍርድ ቤት የሚመለከተው ይህንኑ ነው።

ከዚያ የሶፍትዌር አቅራቢው ባለሙያ ላፕቶፑን ይከፍትና «ክፍያ ስንት ሰው ያጽድቀው?» ይላል። በዕለቱ ቢሮ የተገኘው የሂሳብ ሠራተኛ «ሁለት ይበቃል፤ ሦስት ሲሆን ሥራ ይጓተታል» ብሎ ይመልሳል። ባለሙያው ሁለት የሚለውን መርጦ ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። ቦርዱ በመመሪያና በውክልና የደነገገው የሥልጣን ክፍፍል በዚያች ቅጽበት ተሻሽሏል። ቃለ ጉባኤ አልተያዘም፤ የሕግ ክፍሉም አልሰማም።

ስለ ዲጂታል ሽግግር ሕጋዊ ስጋት ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው የመረጃ ጠላፊን ነው። ጠላፊ አለ፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የወጣውም ለእርሱ ነው። ነገር ግን ድርጅቶችን ፍርድ ቤት የሚያቆመው፣ ካሳ የሚያስከፍለውና ፈቃድ የሚያሳጣው ስጋት በአብዛኛው ከውስጥ ይነሳል። ሕጋዊ ውሳኔዎች የቴክኒክ ምርጫ መስለው፣ ሕግ በማያውቅ ሰው እጅ፣ ስክሪን ላይ ይወሰናሉ።

> ቦርዱ የደነገገው የሥልጣን ክፍፍል በአንድ ምርጫ ተሻሻለ፤ ቃለ ጉባኤ ግን የለም።

ፊርማ የቱ ነው?

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት አብዛኛው ውል የተለየ አጻጻፍ አያስፈልገውም። መርካቶ ውስጥ በስልክ ታዝዞ የሚጫን ሸቀጥ ያለ ወረቀትም ውል ነው። በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የተባሉት ግን ጥቂት አይደሉም፦ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ፣ ዋስትና፣ ኢንሹራንስ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል። ለእነዚህ አንቀጽ 1727 የተዋዋዮቹን ፊርማና ሁለት ምስክሮችን ይፈልጋል። አንቀጽ 2472 ደግሞ ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ከዚያ የሚበልጥ ብድር በእጅ ስልክ፣ በሚስጥር ቁጥር ብቻ ተጠይቆ ይለቀቃል።

ይህን ክፍተት ለመድፈን ሁለት አዋጆች ወጥተዋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ወይም ሰነድ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን አያጣም ብሎ መሠረቱን ጣለ። ከእርሱ የቀደመው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 በተራ የኤሌክትሮኒክ ፊርማና በዲጂታል ሰርተፊኬት በተደገፈ አስተማማኝ ፊርማ መካከል ልዩነት አደረገ። የሰርተፊኬቱ ሥርዓት የበላይ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው። ዋናው ነጥብ የማስረዳት ሸክሙ ነው። በሰርተፊኬት የተደገፈው ፊርማ ሲካድ ሕጉ ከፈራሚው በተቃራኒ ግምት ይወስዳል፤ ተራው ሲካድ ግን ፊርማው የእርሱ ነው የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት።

በየቢሮው የሚታየው ልማድ ግን ከሁለቱም የራቀ ነው። የሥራ አስኪያጁ ፊርማ አንድ ጊዜ ስካን ይደረግና ጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል፤ በሚያስፈልግበት ጊዜ ፒዲኤፍ ላይ ይለጠፋል። ምስሉ የደረሰው ሁሉ መልሶ ሊለጥፈው ይችላል። ሥራ አስኪያጁ «አልፈረምኩም» ቢሉ ድርጅቱ ራሱ ፈጥሮ ያሰራጨውን ጥርጣሬ ይዞ ፍርድ ቤት ይቆማል።

ጥንቃቄ የሚወዱ ጠበቆች ዋስትናንና የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል ለጊዜው በወረቀት ይቆይ ይላሉ፤ ሁለቱ ምስክሮች መተግበሪያው ውስጥ የት ይፈርማሉ ለሚለው የዳበረ የፍርድ ልምድ ገና ነውና። የሶፍትዌር ሰዎች ይህን ወደ ኋላ መጎተት ይሉታል። የጠበቆቹ ምክር ያመዝናል፤ ሺህ የሽያጭ ትእዛዝ በሲስተም ማለፉና አንድ የዋስትና ውል በወረቀት መቅረቱ አይጋጩም።

ሲስተሙ ሲሳሳት

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ላይ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በስልክ ተዛመተ፤ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰበት፣ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገለጸ። ገንዘቡ እንዲመለስ ጥሪ አደረገ፣ ያልመለሱትንም በስም ይፋ አወጣ።

ሕጉ በገንዘቡ ላይ ግልጽ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሀብት የበለጸገ ሰው ይመልሳል። ስም ይፋ ማውጣቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው በዚያው ሰሞን ስለሆነ፣ ዛሬ ተመሳሳይ ነገር ቢደርስ ተበዳዩ ድርጅት ዕዳ ሲያስመልስም የሰዎችን መረጃ እንዴት እንደሚጠቀም ሊጠየቅበት ይችላል። ሲስተም የተሳሳተበት ሌሊት የቴክኒክ ክፍሉ ብቻ የሚባንንበት መሆን የሌለበት ለዚህ ነው። ምን ይባል፣ ማን ይናገር፣ የትኛው ማስረጃ ሳይነካ ይቀመጥ የሚለው በዚያችው ሰዓት የሚወሰን የሕግ ሥራ ነው።

ከዚህ የከፋው ሲስተሙ ተሳስቶ ሰው ሲከሰስ ነው። የብሪታኒያ ፖስታ ቤት ፉጂትሱ የሠራውን ሆራይዘን የተባለ የሂሳብ ሲስተም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በቅርንጫፎቹ ዘረጋ። ሲስተሙ የሌለ ጉድለት ያሳይ ነበር። የቅርንጫፍ ኃላፊዎች «እኛ አልወሰድንም» ቢሉም በስርቆትና በሂሳብ ማጭበርበር ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው፤ የታሰሩ፣ የከሰሩ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። የእንግሊዝ ሕግ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በቀር ኮምፒዩተር በትክክል ሠርቷል የሚል ግምት ይወስድ ነበር፤ ተከሳሾቹ ደግሞ ተቃራኒውን ሊያሳዩ የሚችሉበት መዝገብ በእጃቸው አልነበረም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2019 በሲስተሙ ውስጥ ጉድለት እንደነበረ ወሰነ፤ በ2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ ሻረ።

ለኢትዮጵያ አሠሪ ነገሩ ሩቅ አይደለም። የመጋዘን ሠራተኛ «ሲስተሙ ጉድለት ያሳያል» ተብሎ ከደመወዙ ሲቆረጥበት ወይም ሲሰናበት፣ የሥራ ክርክር ችሎት ፊት ጥያቄው ያው ነው፦ በዚያ የይለፍ ቃል ሌላ ማን ይገባ ነበር? በብዙ መጋዘን አንድ ዩዘር በፈረቃ ለሦስት ሰው ያገለግላል፤ ፓስወርዱም ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ በወረቀት ተለጥፏል። ያ ወረቀት የድርጅቱን ክስ ከሥሩ ይነቅለዋል።

> የመዝገቡ ጥያቄ ያው ነው፦ በዚያ የይለፍ ቃል ሌላ ማን ይገባ ነበር?

ኃላፊነት ወደ ግለሰብም ይደርሳል። ቲኤስቢ የተባለው የብሪታኒያ ባንክ በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ሚሊዮኖች ደንበኞቹን በአንድ ጊዜ ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረ፤ ብዙዎቹ ለቀናት፣ አንዳንዶቹም ለሳምንታት ሂሳባቸውን ማንቀሳቀስ አቃታቸው። ተቆጣጣሪዎቹ ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡ። በ2023 ደግሞ የቀድሞውን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኃላፊ በግላቸው 81,620 ፓውንድ አስከፈሉ። የተቀጡት ሥራው በተሰጠው አቅራቢ ላይ በቂ ክትትል አላደረጉም ተብለው ነው። አቅራቢው ዝግጁ ነኝ ማለቱ ብቻ አላዳናቸውም።

ከአቅራቢው ጋር የሚፈረመው

በዚህ ዓይነት ፕሮጀክት ብዙው ጠብ የሚነሳው «አለቀ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ጨረታው ይወጣል፣ ዋጋው ይወዳደራል፣ ውሉ ላይ «ዘመናዊና የተቀናጀ ሲስተም ያቀርባል» ተብሎ ይጻፋል። ዘመናዊ ማለት ምን እንደሆነ ማንም አልነገረም። እ.ኤ.አ. በ2019 የመኪና አከራዩ ኸርዝ ድረ ገጹንና መተግበሪያውን እንዲሠራ የቀጠረውን አክሰንቸርን ከ32 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠይቆ ኒው ዮርክ ውስጥ ከሰሰ። ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ ገጹ ከትልቅና ከትንሽ ስክሪን ሌላ ለመካከለኛው፣ ማለትም ለታብሌት፣ ይስተካከላል ወይስ አይስተካከልም የሚል ነበር። አክሰንቸር ክሱን መሠረተ ቢስ ብሎታል። ግዙፍ ኩባንያዎች ጠበቃ ከበዋቸው በታብሌት ስክሪን ከተካሰሱ፣ ሦስት ገጽ ውል የፈረመ አስመጪ የሚገጥመው አያስገርምም።

ጥሩ ውል ርክክቡን በሚለካ ነገር ያስራል። ሲስተሙ የአንድ ወር ደመወዝ ከድሮው ጋር ጎን ለጎን ሠርቶ ሳንቲም ሳይለይ ይውጣ፤ የዕቃ ቆጠራው ከመጋዘኑ ጋር ይግጠም፤ ይህ እስኪሆን የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ። ከርክክብ በኋላ ብልሽት ሲደርስ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ፣ ካልተመለሰ መቀጮው ስንት እንደሆነም አብሮ ይጻፋል። አቅራቢዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ደንበኛው በየሳምንቱ ፍላጎቱን እየቀየረ የሚያዘገየው ራሱ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። የለውጥ ጥያቄ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ዋጋውና ጊዜው ተሰልቶ የሚጸድቅበት አንቀጽ ሁለቱንም ያድናል።

የሶርስ ኮዱ ጉዳይ ብዙ ባለቤቶችን ያታልላል። ከፍለው ያሠሩት ስለሆነ የእነርሱ ይመስላቸዋል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠበቅ ሥራ ነው፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሶፍትዌር ሲገዛም የሚገዛው የመጠቀም ፈቃድ ነው። ለድርጅቱ ተለይቶ የተጨመረው ክፍል የማን ነው? አቅራቢው ቢዘጋ ኮዱ የት ይገኛል? ውሉ በዝምታ ካለፈው፣ ድርጅቱ ከአቅራቢው ጋር ሲጣላ የገዛ ሥራውን መቀጠል ያቅተዋል።

የውጭ ምንዛሪውም አለ። የክላውድና የፈቃድ ክፍያ በአብዛኛው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዋጋቸውን በዶላር ያሰሩ ገዢዎች፣ በብር ያሰሩ አቅራቢዎች ደነገጡ። የተሯሯጡት ወደ ሕግ ነው፤ ሕጉ ግን አላዘነላቸውም። አንቀጽ 1764 ግዴታው ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውሉ አይለወጥም ይላል፤ አንቀጽ 1794ም የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርንና ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣትን ከአቅም በላይ ከሆነ ኃይል አይቆጥርም። መድኃኒቱ አስቀድሞ ውሉ ውስጥ የሚገባ የዋጋ ማስተካከያ ነው።

የኢንተርኔት መቋረጥም በተመሳሳይ መነጽር ይታያል። ከአቅም በላይ የሚባለው በተለምዶ ሊገመት የማይችልና አፈጻጸምን ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ከተቋረጠ በኋላ፣ «አልጠበቅንም» የሚል መከራከሪያ ክብደቱ ቀንሷል። ጠንቃቃ ውል መቋረጥን በስሙ ጠርቶ፣ ሲስተሙ ያለ ኢንተርኔት ምን ያህል እንዲሠራ እንደሚጠበቅ ይናገራል።

ሻጩ የውጭ ኩባንያ ሲሆን ክርክሩ የት ይታያል የሚለው አንቀጽ ከዋጋው እኩል ሊነበብ ይገባዋል። የውጭ ፍርድ ቤትን ፍርድ ኢትዮጵያ ውስጥ ለማስፈጸም የእንካ ለእንካ ግንኙነት፣ ማለትም ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑ፣ ያስፈልጋል። በግልግል ዳኝነት የተሰጠ የውጭ ውሳኔ ግን ኢትዮጵያ የኒው ዮርኩን ስምምነት በ2012 ዓ.ም. ካጸደቀች ወዲህ የሚፈጸምበት መንገድ ሰፍቷል።

የደንበኛው ስም፣ የሠራተኛው አሻራ

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዲጂታል ፕሮጀክቶችን ስሌት ቀይሯል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ፣ ለዚያ በሚበቃ መጠን ብቻ ነው። በመረጃው ላይ አደጋ ሲደርስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ይጠበቃል። አገር ውስጥ የተሰበሰበ የግል መረጃ ደግሞ አገር ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ ይፈለጋል።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ድርጅት ሳያውቅ የገባበት ነው። የሰው ኃይል አስተዳደር ሶፍትዌር በወር ክፍያ ከውጭ ተከራይቶ የሚጠቀም ድርጅት የሠራተኞቹን ደመወዝ፣ የቤተሰብ ሁኔታና የሕመም ፈቃድ የት አገር እንዳስቀመጠ ቢጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለውም። ሶፍትዌሩ ሲመዘገብ «ሰርቨሩ የት ይሁን» የሚል ሳጥን ነበር፤ የሞላው ሰው ፈጣኑን መርጧል።

በር ላይ የተሰቀለችው የአሻራ ማሽንም ችላ ልትባል አትገባም። ፓስወርድ ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራ ግን አይቀየርም። ስለዚህ ሕጉ ለባዮሜትሪክ መረጃ ከተራው መረጃ በላይ ጥበቃ ይሰጣል። ማሽኗን የገጠመው ነጋዴ አሻራው እዚያው ይቀራል ወይስ ወደ ሌላ ይላካል፣ ሠራተኛ ሲለቅ ይሰረዛል ወይስ አይሰረዝም የሚለውን ሲጠየቅ ትከሻውን ይሰብቃል።

መሰረዝና ማስቀመጥ ደግሞ ይጋጫሉ። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ ሰነዶቹን፣ በኤሌክትሮኒክ መልክም ቢሆን፣ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። ደንበኛ «መረጃዬን ሰርዙልኝ» ሲል ደረሰኙ ይቆያል፤ የልደት ቀኑና የማስታወቂያ ምርጫው ግን የሚቆይበት ምክንያት የለም። ይህን መለየት የሚችለው ከመነሻው ለይቶ የሚያስቀምጥ ሲስተም ነው። ሁሉንም በአንድ ሰንጠረዥ የከመረ ሲስተም ወይ ሁሉንም ይሰርዛል ወይ ምንም አይሰርዝም።

ሳያስቡት ባንክ መሆን

ደንበኛ ቀድሞ ገንዘብ አስገብቶ ከዚያ እየቀነሰ የሚገዛበት መተግበሪያ ለነጋዴ ማራኪ ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ በሂሳብ መልክ ማስቀመጥና ለሌላ ማስተላለፍ ሲጀምር ግን ነጋዴው በብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 መሠረት ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ወደሚጠይቅ ሥራ እየተጠጋ ነው። ገንቢው ያየው አንድ ተጨማሪ አገልግሎት ነው፤ ተቆጣጣሪው የሚያየው ያለፈቃድ የሚሠራ የክፍያ ተቋም ሊሆን ይችላል።

ሠራተኛ መቀነስም በተመሳሳይ ሰው ሳያስተውለው ወደ ሕግ የሚገባ ውሳኔ ነው። ምርታማነትን ለማሳደግ አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውልን በማስጠንቀቂያ ለማቋረጥ ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ ነው። የሚሰናበቱት ብዛት ቅነሳ የሚባለውን ደረጃ ከሞላ ከሠራተኛው ተወካይ ጋር መመካከር፣ ማን ይቅር በሚለው ላይ ሕጉ ያስቀመጠውን ቅደም ተከተል መጠበቅና ከስንብት ክፍያ ሌላ ካሳ መክፈል ይከተላል። የፕሮጀክቱ በጀት ላይ «በሰው ኃይል የሚቆጠብ» የሚል መስመር ያስገባ የፋይናንስ ሰው ይህን ወጪ በዚያው ገጽ ላይ አብሮ ካላሰላ፣ ቁጠባው እዳ ከሜዳ ይሆናል።

የሕግ ሰው መቼ ይጠራ?

በተለመደው አካሄድ የሕግ ባለሙያው ውሉ ሊፈረም ሁለት ቀን ሲቀረው ይጠራና «ቶሎ አይተህ መልስ» ይባላል። በዚያ ሰዓት አቅራቢው ተመርጧል፣ ዋጋው ተቆርጧል፣ የሲስተሙ አሠራርም ተወስኗል። ለእርሱ የቀረው የፊደል ስህተት ማረም ነው። ሥራ አስኪያጆች በበኩላቸው የሕግ ክፍል ቀድሞ ከገባ «አይቻልም» እያለ ሥራ ያስቆማል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ ሁሉን ስጋት እኩል የሚያይ ጠበቃ ፕሮጀክት ይገድላል።

የተሻለው ድርጅት የሕግ ባለሙያውን የሚያስገባው የሥራው ሂደት በሚሳልበት ጠረጴዛ ላይ ነው። መረጃው ከየት ይመጣል፣ የት ያርፋል፣ ማን ያየዋል፣ መቼ ይጠፋል የሚለው በአንድ ወረቀት ይሳላል፤ አብዛኛው ሕጋዊ ጥያቄ እዚያ ወረቀት ላይ ራሱን ያሳያል። የሲስተሙ ምርጫዎች ማጽደቂያውን፣ የማቆያ ጊዜውንና የመግቢያ ፈቃዱን የሚመለከቱ ሲሆኑ ከነምክንያታቸውና ከወሳኙ ስም ጋር ይመዘገባሉ። ከጊዜ በኋላ ለኦዲተር፣ ለግብር መርማሪና ለፍርድ ቤት የሚናገረው ያ መዝገብ ብቻ ነው።

መዛወሪያዋ ሌሊት ደግሞ የራሷ ሕግ አላት። በብዙ ድርጅት ቅዳሜ ማታ ሥራ ካለቀ በኋላ የድሮው ሲስተም ይዘጋል፣ መረጃው ይገለበጣል፣ ሰኞ ጠዋት አዲሱ ይከፈታል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቁጥሮቹ አልገጥም ቢሉ «እንመለስ» የማለት ሥልጣን የማን ነው? ይህ ቀድሞ በጽሑፍ ካልተሰጠ ውሳኔው የደከመው ባለሙያ ላይ ይወድቃል። እርሱ ደግሞ የሚከፈለው እንዲያስጀምር ነው።

አዲሱ ሥራ ከጀመረ በኋላ የድሮው ሰርቨር ይረሳል። ቦታ ይዟል፣ የድጋፍ ውሉም አብቅቷል፤ አንድ ቀን ተነቅሎ ይጣላል። በኢትዮጵያ ሕግ ከውል የመነጨ ክስ መደበኛው የይርጋ ጊዜ አሥር ዓመት ስለሆነ፣ በድሮው ሲስተም የተመዘገበው የመጨረሻ ሽያጭ እስከዚያ ድረስ ክስ ሊያስነሳ ይችላል። ባክአፑ በሃርድ ዲስክ መኖሩ አይበቃም። የሚከፍተው ሶፍትዌር ፈቃዱ ያልተቋረጠ፣ የይለፍ ቃሉ ከለቀቀው ሠራተኛ ጋር ያልሄደ፣ የወጣው ሰነድም ካልተነካካው መዝገብ መምጣቱን ቀርቦ የሚመሰክር ሰው ያለው መሆን አለበት።